የምናለሽ ተራ የበርሜል ግሪል ከስምንት ወር ጥብስ በኋላ

እማዬ ስጋ ሲጠነክርባት በሬውን አትወቅስም፣ ጠባሹን ነው። ባለፈው ፋሲካ ጓሮ ወጥቼ በግሪል የጠበስኩላትን ሽንጥ አንዷን ቁራጭ አላምጣ አላምጣ አላምጣ በመጨረሻ በሶፍት ጠቅልላ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ስታስቀምጣት አየኋት፣ ምንም አላለችም፣ "እጅህ ይባረክ" ብላ ወደ ዶሮ ወጡ ዞረች። ከዛ ቀን በኋላ ነው ነገሩን የምር የያዝኩት።

ያኔ የነበረችኝ ግሪል ከሱፐርማርኬት የገዛኋት፣ እግሯ እንደ ሰስ የቀጠነ ተገጣጣሚ ነገር ነበረች። የቱ ሱፐርማርኬት እንደሆነ ይለፈኝ። ላሜራዋ ከቲማቲም ድልህ ጣሳ አይወፍርም፣ አመት ሳትሞላ ታቿ ተበልቶ ፍም ሳሩ ላይ ማንጠባጠብ ጀመረች፣ ክዳን የላት፣ ከሰሉን ገፋ የምታደርጉበት ቦታ የላት፣ ስጋውና እሳቱ አፍንጫ ለአፍንጫ ነው የሚተያዩት። የከፈልኩትን ሳስበው አሁንም ያመኛል።

ግንቦት ላይ "ከዚህ በኋላስ በርሜል ነው" ብዬ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ለማያውቀው ሰው፣ ምናለሽ ተራ ማለት ከተማው የጣለው ብረት ሁሉ ነፍስ የሚዘራበት ቦታ ነው፣ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል፣ መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም፣ ስልክ ቢደወልላችሁ አትሰሙም። በነገራችን ላይ ፈረንጆቹ ጓሯቸው የሚያቆሙት ያ ድቡልቡል ባለክዳን ግሪል ራሱ እንዴት እንደተፈጠረ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1952 ቺካጎ አካባቢ ዌበር ብራዘርስ የሚባል የብረታ ብረት ድርጅት ውስጥ የሚሰራ ጆርጅ ስቲቨን የሚባል ሰውዬ፣ ድርጅቱ የሚሰራውን ባህር ላይ የሚንሳፈፍ ትልቅ የብረት ኳስ ለሁለት ቆርጦ የታችኛውን ማንደጃ፣ የላይኛውን ክዳን አደረገው፣ እግር በየደለት፣ አለቀ። ምናለሽ ተራ ማለት እኮ ይሄው ነው፣ እኛ ጋ ያለው ኳሱ ሳይሆን በርሜሉ ሆኖ ነው እንጂ።

ዋጋ ለምትጠይቁ፣ ብሩን በቁጥር ብነግራችሁ ይሄን ስታነቡ ተለውጦ ይጠብቃችኋል፣ የብረት ዋጋ ሰኞና ማክሰኞ እንኳን አይስማማም። ብቻ እኔ የከፈልኩት ሱፐርማርኬት ካየሁት ባለክዳን ግሪል ሲሶውን አይሞላም፣ እሱም በርሜሉ፣ ፌሮው፣ ብየዳውና እግሩ ተደምሮ። ተከራከሩ፣ እነሱም እንድትከራከሩ ነው የሚጠብቁት።

ሰሪዬ ስልሳውን ያለፉ፣ የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚያወሩ ሽማግሌ ናቸው። በርሜሉን በቁመቱ ሰንጥቀው አንዱን ግማሽ ማንደጃ ሌላውን ክዳን እንዲያደርጉልኝ ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝና

"ልጄ፣ ክዳን ምን ያረግልሃል? ግማሹን ለሌላ ሰው ልስራበት፣ ይረክስልሃል።"

"አይ ጋሼ፣ ክዳኑንም እፈልገዋለሁ፣ ስጋው ውስጡ እንዲበስል ነው።"

"ታፍኖ?"

"አዎ፣ ታፍኖ።"

"እንግዲያ ድስት አትገዛም?" ብለው ሳቁ፣ አጠገባቸው ያለው ልጅም ግራይንደሩን አጥፍቶ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ፣ ግን እውነቱን ለመናገር የዛን ቀን ክዳኑ ለምን እንደሚያስፈልግ በደንብ አስረዳ ብባል አልችልም ነበር፣ ቪዲዮ ላይ ስላየሁት ነው። አሁን ቢጠይቁኝ እንዲህ እላቸዋለሁ፣ ጋሼ፣ ክዳን ከሌለ ስጋው የሚበስለው ከታች ብቻ ነው፣ ላዩ ንፋስ እየመታው ይቀዘቅዛል፣ ታቹ ሲያር ውስጡ ገና ጥሬ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ሙቀቱ ዞሮ ከላይም ይመጣል፣ ማንደጃ የነበረው ነገር የዳቦ መጋገሪያ ይሆናል። ደሞ ሳይከደን ጮማ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ ነበልባል ይነሳል፣ ሲከደን ግን አየር ስለሚያጥረው ነበልባሉ ይሞታል። ለሀያ ደቂቃ ማራገቢያ ይዞ እንባው እየፈሰሰ የቆመ ሰው ይሄ ስንት ብር እንደሚያወጣ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ፍርግርጉ ላይ ተጨቃጨቅን። ነጭ የሚያብለጨልጭ ጋልቫናይዝድ የሽቦ ወንፊት አመጡና "ይሄ አይዝግም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው አይዝግም፣ ግን የሚያብለጨልጨው ዚንክ ነው፣ ዚንክ 420 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፣ የተራገበ ፍም ደግሞ ከዛ በላይ ይሞቃል፣ ጭሱ ለሰው አይሆንም። በያጆች ጋልቫናይዝድ ሲበይዱ ውለው ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚላቸው ከዚሁ ነው። ይሄን ስላቸው "እሱስ እውነት ነው፣ ወተት እንጠጣበታለን" አሉና ወንፊቱን መለሱት። በምትኩ 8 ሚሊ ፌሮ እየቆረጡ ጣት በማታሾልክ ክፍተት ደረደሩልኝ፣ ከባድ ነው፣ ግን አንዴ ከጋለ ሙቀቱን ስለሚይዝ ስጋው ላይ ያቺን ጥቁር መስመር ጥርት አድርጎ ያወጣል።

በርሜሉ ውስጥ ምን እንደነበረ መጠየቅ እንዳትረሱ። የማላውቀው ኬሚካል የተቀመጠበትን በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም። የኔ የምግብ ዘይት የነበረበት ነው፣ አሸተትኩት፣ ዘይት ዘይት ይላል። እሱም ቢሆን ውስጡ ልባስ ቀለም አለው፣ ስለዚህ ምግብ ሳታስቡ መጀመሪያ በእንጨት እሳት ሙሉውን ሁለት ጊዜ ማቃጠል፣ መፈግፈግ፣ ማጠብ፣ ከዛ የምግብ ዘይት ቀብቶ እንደገና ማጋል፣ ልክ አዲስ ምጣድ እንደማሟሸት። እኔ ችግር ውስጥ የገባሁት ከውጪ ነው። ጋሼ "ላሳምርልህ" ብለው ጥቁር አብለጭላጭ የበር ቀለም ቀብተውልኛል፣ መጀመሪያ ቀን ሳነድ ቀለሙ እንደ ሽሮ ድስት ቡልቅ ቡልቅ እያለ ተነሳ፣ ሽታው ጎረቤት ደርሶ "ፕላስቲክ እየተቃጠለ ነው ወይ?" ብለው በአጥር በኩል ተጣሩ። እንግዳ ሳልጠራ መሞከሬ ጠቀመኝ። ቀለም አትቀቡልኝ በሏቸው፣ ዝም ብሎ ዘይት ይበቃዋል።

ሌላው ስህተት የራሴ ነው። በርሜሉ ስፋቱ 58 ሳንቲ አካባቢ ስለሆነ ለሁለት ሲሰነጠቅ ጥልቀቱ 29 ሳንቲ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ከሰሉን ታች በርሜሉ ሆድ ላይ ነው ያፈሰስኩት። እሳቱ ጉድጓድ ውስጥ፣ ስጋው ሰገነት ላይ። ሩብ ማዳበሪያ ከሰል ጨምሬ ነው እንደምንም የተገናኙት፣ እሱም አመዱ ከስር ሲጠራቀም ፍሙን አፈነው፣ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ደከመ። በሳምንቱ ተመልሼ ሁለተኛ ፍርግርግ አስጨመርኩ፣ የከሰል፣ ከስጋው ፍርግርግ አንድ ስንዝር አካባቢ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ፣ አመዱ በስሩ የሚወርድ፣ አየር በስሩ የሚገባ። የከሰሉ ወጪ በግማሽ ነው የቀነሰው። ይሄን ከመጀመሪያው እዘዙ፣ ለሁለት ዙር ሚኒ ፒካፕ አትክፈሉ።

ቀዳዳ ደግሞ አለ። ጋሼ ጭስ መውጫ ብቻ ነበር ያሰቡት። የኔ አሁን ከታች በአንዱ ጫፍ ሁለት ቡጢ የሚያክሉ ቀዳዳዎች አሉት፣ በቡሎን የተያዘች ላሜራ እያንሸራተትኩ እከፍታለሁ እዘጋለሁ፣ ክዳኑ ላይ በተቃራኒው ጫፍ አጭር ቱቦ አለ። አየር በአንዱ ገብቶ ስጋውን አልፎ በሌላው ይወጣል። እሳት የሚታዘዘው በማራገቢያ ሳይሆን በዛች ላሜራ ነው፣ ይሄን ለመልመድ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፣ ምክንያቱም የአሜሪካኖቹ ቪዲዮ "ቀዳዳውን ሩብ ክፈት" ይላል፣ እኔ ሩብ ስከፍት እሳቱ ይተኛብኛል። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ላይ ካለው ሶስት አራተኛውን ያህል ነው፣ ኦክስጅኑ በዛው ልክ ሳስቷል። እነሱ ሩብ ሲሉ እኔ ግማሽ ነው የምከፍተው። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ያላችሁ በራሳችሁ ቁጠሩ።

አሁን ከሰል። ማዳበሪያውን ከመሸከማችሁ በፊት ሁለት ፍሬ አውጥታችሁ አጋጯቸው፣ እንደ ብርጭቆ ቅጭል ካሉ በደንብ ከስለዋል፣ ድብን ያለ ድምፅ ካላቸው ውስጣቸው ያልከሰለ እንጨት ወይ እርጥበት አለ፣ ሲጨሱባችሁ ይውላሉ። እኔ የግራር ከሰል ሳገኝ እሱን እይዛለሁ፣ ከባድ ነው ቶሎ አያልቅም፣ ካልሆነም ከአዊ የሚመጣው፣ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከሰለው አለ፣ እሱም ደህና ነው። ዱቄቱንና ደቃቁን እማዬ ለቡና ትወስዳለች።

ማቀጣጠል ላይ ግን እባካችሁ ፌስታልና ላምባ ተዉ። ላምባ የነካው ከሰል ላይ የተጠበሰ ስጋ ኩራዝ ኩራዝ ነው የሚለው። ትልቁን የዱቄት ወተት ጣሳ ውሰዱ፣ ቂጡን በምስማር ወንፊት አድርጉት፣ ጎኑን ከታች በኩል ዙሪያውን ብሱት፣ ወፍራም ሽቦ እጀታ አስሩለት። ከስሩ ሁለት ገጽ ጋዜጣ፣ ከላይ ከሰል፣ ክብሪት ጫሩና ሂዱ ሽንኩርት ክተፉ። ሀያ ደቂቃ ሳይሞላ የላይኛው ከሰል አመድ ለብሶ ይጠብቃችኋል፣ ማንም ሳያራግበው፣ ጣሳው ራሱ ጭስ ማውጫ ስለሆነ አየሩን ከስር ይስባል። የቀለም ጣሳ ግን እንዳትጠቀሙ።

እና የፍሙ አቀማመጥ፣ በስምንት ወር ከተማርኩት ሁሉ በጣም የቀየረኝ ይሄ ነው፣ ብሩም አያስከፍልም። ድሮ ፍሙን እንደ ድፎ ዳቦ እኩል አሰፋው ነበር። አሁን ሙሉውን ወደ አንድ ወገን እገፋዋለሁ፣ በርሜሉ ወደ 88 ሳንቲ ስለሚረዝም ግማሹ እሳት ግማሹ ባዶ ይሆናል። ስጋው እሳቱ ላይ ፊቱን ይመታል፣ ከዛ ወደ ባዶው ወገን ይሻገራል፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ ውስጡ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ነበልባል ቢነሳ የምሸሽበት ቦታ አለኝ፣ እንግዳ ቢዘገይ የማቆይበት ቦታ አለኝ። ያቺ የሱፐርማርኬቷ ግሪል ላይ ይሄን ልሞክር ብል ስፋቷ ከትሪ ስለማይበልጥ አይቻልም፣ ለዚህ ነው ትልቅነቱን የምወድለት። ሙቀቱን የምለካው በመዳፌ ነው፣ ከፍርግርጉ በላይ አንድ ጭብጥ ከፍ አድርጌ ይዤ አንድ ሺ አንድ፣ አንድ ሺ ሁለት እያልኩ እቆጥራለሁ፣ ሁለት ሶስት ላይ እጄን ካነሳሁ ለሽንጥ ይሆናል፣ አምስት ከደረስኩ ለዶሮ፣ ስምንት ከቆጠርኩ ከሰል ጨምር ማለት ነው።

ስጋው ጋ ስንመጣ ረጅም ወሬ አለኝ። የፈረንጁን ቪዲዮ አይታችሁ ያንኑ ብታደርጉ የማይወጣላችሁ ለምን መሰላችሁ፣ ስጋው አንድ አይደለም። የነሱ በሬ እህል በልቶ ስቡ ስጋው ውስጥ እንደ ክር ተሰራጭቷል፣ ከታረደም በኋላ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቀናት ሳምንታት ተሰቅሎ ነው የሚሸጠው። የኛ በሬ ሳር የበላ፣ ብዙ ጊዜ ሞፈር ቀንበር ተሸክሞ የኖረ ነው፣ ጮማው ከላይ ነው ያለው፣ ደሞ ጠዋት ታርዶ ከሰዓት ቤታችሁ ነው። ስጋ ከታረደ ሰዓታት ሲያልፉ ጡንቻው ይገተራል፣ ከዛ በቅዝቃዜ ቀናት ሲቆይ እየላላ ይመጣል። ለቁርጥ ትኩሱ ነው ነገሩ፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም፣ ቢላዋው በስሱ ይቆርጠዋል፣ አዋዜው አለ። ሁለት ጣት የሚወፍር ሽንጥ ግን በዛችው ቀን ፍም ላይ ብታወጡት ከበሬው ጋር ትግል ነው የምትገጥሙት፣ እማዬ በሶፍት የጠቀለለችው እሱን ነው።

እና ለመስቀል ሽንጡን አራት ቀን ቀድሜ ገዛሁ፣ ጨው ነሰነስኩበት፣ ፍሪጅ ውስጥ ሽቦ መደርደሪያው ላይ ሳይሸፈን አስቀመጥኩት። እማዬ ፍሪጁን ከፍታ አየችው።

"ይሄ ስጋ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከማክሰኞ።"

"ያደረ ስጋ ልታበላን ነው? ሰው ምን ይለናል?"

አልመለስኩላትም፣ ምን እላለሁ፣ በኛ ቤት ያደረ ስጋ ማለት ስድብ ነው። ግን የጨው ነገርም አለ፣ ቀድሞ የገባ ጨው ውስጥ ድረስ ይዘልቃል፣ ላዩ ደርቆ ስለሚቆይ ፍም ላይ ሲያርፍ ቶሎ ይጠበሳል፣ እርጥብ ስጋ መጀመሪያ የሚያደርገው መቀቀል ነው። ፍሪጃችሁ በደንብ የሚያቀዘቅዝ ካልሆነ ወይ ሰፈራችሁ መብራት የሚጠፋ ከሆነ ግን አራት ቀን አትሞክሩት፣ እኔ አንዴ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ሁለት ኪሎ ጥዬአለሁ። የቸኮለ ሰው ጥሬ ፓፓያ ፈቅፍቆ ይቀባ፣ ስጋ ያላላል፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ረስታችሁት ካደረ ግን ላዩ እንደ ገንፎ ይሆናል። ሲቆረጥ ደሞ ክሩን አቋርጦ ነው፣ አምስት ደቂቃ ካረፈ በኋላ።

አዋዜ ቀብቼ መጥበስ ድሮ ኩራቴ ነበር። ጉድ ሰርቶኛል። በርበሬ ኃይለኛ ፍም ላይ በአንድ ሁለት ደቂቃ አሮ ይመራል፣ ያ ጥቁር የምናየው ግማሹ ጥብስነት ሳይሆን የተቃጠለ በርበሬ ነው። አሁን ጨው ብቻ ይዞ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ባዶው ወገን ሲሻገር አዋዜውን ከቀለጠ ንጥር ቅቤ ጋር ቀላቅዬ በጥብስ ቅጠል እቅፍ እቀባዋለሁ፣ ቅጠሉ ራሱ ብሩሽ ነው፣ ሽታውንም ይለቃል። ኮሰረት ያለው ቅቤ ከሆነማ አትጠይቁኝ።

ቴርሞሜትር ከቨርጂኒያ ያክስቴ ልጅ ሲመጣ አመጣልኝ፣ ስጋው ውስጥ የሚወጋ፣ እንደ መርፌ። ክትፎ የሚበላ ህዝብ ቴርሞሜትር ምን ያረግለታል ትሉ ይሆናል፣ ለበሬው ይሁን፣ አሜሪካኖቹ 63 ዲግሪ ደርሶ ሶስት ደቂቃ ይረፍ ይላሉ፣ እናንተ እንደልማዳችሁ። ለዶሮ ግን ቀልድ የለም፣ 74 ዲግሪ፣ የተፈጨ ስጋ ደሞ 71። ከዛ በፊት ዶሮ ስጠብስ ወይ አጥንቷ ስር ደም ይቀራል ወይ ፈርቼ አቆያትና እንደ ጭድ ትሆናለች፣ አሁን ጀርባዋን ሰንጥቄ ዘርግቼ ባዶው ወገን አስቀምጣታለሁ፣ ክዳን፣ ሰዓት ሳይሞላ ጭኗን እወጋለሁ፣ 74 ካለ በመጨረሻ ቆዳዋን ፍሙ ላይ አገላብጬ አወጣለሁ። የፈረንጅ ዶሮ ነው የምላችሁ። የሀበሻዋን ግሪል ላይ እንዳታወጧት፣ የሷ ቦታ ድስት ነው።

ክዳኑ ግን የምር ዋጋውን የመለሰልኝ በፍየል ጎድን ነው። ሙሉ ጎድን ባዶው ወገን ላይ፣ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል፣ በየአርባ ደቂቃው ከጣሳው ጥቂት ፍም እየጨመርኩ። ገና ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ የጠላ እንስራና የወተት ዕቃ የሚታጠነው በወይራ ነው አይደል፣ ለምን ስጋው አይታጠንም ብዬ ሁለት ደረቅ የወይራ ስንጣሪ ፍሙ ላይ ጣልኩና ዘጋሁት። በቱቦው ቀጭን ሰማያዊ ጭስ መውጣት ጀመረ። ነጭ ወፍራም ከሆነ ቀዳዳውን ከፈት አድርጉ፣ ነጩ ምሬት ነው። እማዬ ከቤት ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ነበር፣ አወረደችው። "ምንድነው ይሄ? የእናቴ የወተት ቅል ሸተተኝ" አለች። አጥንቱን ይዛ ስትግጥ ነው የዋለችው፣ ሶፍት አልተነካም። በኋላ ግን "ጨው አንሶታል" ማለቷ አልቀረም።

ክረምት ላይ በቆሎ ጠብሰንበታል፣ ግን ልንገራችሁ፣ በቆሎ ላይ መንገድ ዳር የሚጠብሱትን እናቶች የሚያህል የለም፣ እነሱ እጃቸው በቆሎው ላይ ነው፣ አንድ አፍታ አያስቀምጡትም፣ ይሽከረከራል። በርካሽ ማራገቢያ ከኔ በርሜል የተሻለ ይሰራሉ። ከነሱ አጠገብ ቆማችሁ እያያችሁ መብላት ራሱ ትምህርት ነው። ለጾም ቀን ቃሪያና ድንች በፎይል ጠቅልሎ አመዱ ዳር መቅበር ይሄዳል።

እንግዲህ የማልወድለትን። ከባድ ነው፣ ሁለት ሰው ካልያዘው አይንቀሳቀስም፣ ጎማ እዘዙለት፣ እኔ አላዘዝኩም። አንዱ እግሩ አጥሮ ስለተበየደ ይንገዳገዳል። ክዳኑ ከማንደጃው ጋር ልክ አልገጠመም፣ በጎን በኩል ጭስ ያፈስሳል፣ ሙቀቱም በዛው ይወጣል፣ ጋሼ "እሳት ሲነካው ይተኛል" ብለው ነበር፣ አልተኛም። የክዳኑ እጀታ ብረት ስለሆነ ያቃጥላል፣ መጥረጊያ እንጨት ቆርጬ አስሬበታለሁ። ዝገት ደሞ አለ፣ ሐምሌን በፕላስቲክ ሸራ ሸፍኜ "ተጠበቀ" ብዬ ተቀመጥኩ፣ ሸራው ለካ እርጥበቱን አፍኖ ይዞት፣ ነሐሴ ላይ ስገልጠው ፌሮው ቀይ ብርቱካን ሆኖ ጠበቀኝ። እርጥብ አመድ ደሞ ሆዱን ይበላዋል። አሁን ከጠበስኩ በኋላ አመዱን በማግስቱ አወጣለሁ፣ ፌሮውን ገና ሳይበርድ በግማሽ ቀይ ሽንኩርት ፈግፍጌው ዘይት እቀባለሁ። የሽቦ ብሩሽ ትቻለሁ፣ የተነቀለ ሽቦ ስጋ ላይ ተጣብቆ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ደሞ ይሄ ነገር አይሆንም፣ በረንዳ ላይ እንዳታስቡት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዝናብ ሲመጣ ጎረቤቴ ፍም ያለበትን ማንደጃ ወደ ሰርቪስ ክፍል ሲያስገባ አይቼ ሮጬ ነው ያስወጣሁት። የደከመ የሚመስል ፍም ሽታ የሌለው ጋዝ ይለቃል፣ ከሰል ያፈነው ሰው ስንት ሰምተናል። ዝናብ ቢመጣ ክዳኑንና ቀዳዳዎቹን ዝጉት፣ አየር ሲያጣ ራሱ ይጠፋል፣ የተረፈው ከሰልም ለሌላ ቀን ይሆናል። የሱፐርማርኬቷ ይሄንንም አትችልም ነበር።

ከአስር ስንት ለምትሉ፣ እንደመጣልኝ ስድስት፣ ከሁለተኛ ፍርግርጉና ከቀዳዳዎቹ በኋላ ስምንት ተኩል። አንድ ተኩሉ እግሩና ክዳኑ ነው። ልታሰሩ ከሄዳችሁ ጠዋት ሂዱ፣ በርሜሉን ራሳችሁ ምረጡ፣ ሲበየድ አጠገቡ ቁሙ፣ ክዳኑን አስር ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉት፣ መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ነቅንቁት፣ ከዛ ክፈሉ።

ባለፈው ሳምንት እግሩን ላስተካክል ደውዬ ጋሼ ጋ ሄጄ ነበር። ደጃቸው ላይ ሶስት ባለክዳን በርሜል ቆሟል፣ ቱቦ አላቸው፣ ተንሸራታች ላሜራ አላቸው፣ ሁለተኛ ፍርግርግ አላቸው፣ ጎማም ጭምር። ዋጋቸውን ጠየቅኳቸው፣ እኔ ከከፈልኩት እጥፍ ጠሩልኝ። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኔ ዲዛይን ነው" ስላቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አድርገው "አይ ልጄ፣ ያንተማ ቀለም የተቀባው ነው" አሉኝ።